ከኮንጎ የመጣ የሰው ምስል ያለበት ብርኩማ እቤታችን አለ፣ ምን ላድርገው?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ጀመዓ፣ አባባ (የእናቴ አባት፣ አላህ ይዘንላቸው) በጃንሆይ ጊዜ ከጠቅል ብርጌድ (ለተመድ ዘመቻ ከተላከው ጦራችን) ጋ ኮንጎ ዘምተው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት የእንጨት ትራስ አለ። ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም፣ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተቃቅፈዋል፣ ከላይ ያለውን ማረፊያ ባናታቸው ተሸክመዋል፣ ሆዳቸው ላይ ንቅሳት የሚመስል ጥቃቅን ነጠብጣብ አለ። አሁን ቤቱ ሊታደስ ነው፣ አጎቴ ቫርኒሽ ቀብተን ሳሎን እናስቀምጠው ይላል፣ አክስቴ ደግሞ ጣኦት ነው ይቃጠል ብላ ሙጭጭ ብላለች። እኔ አንጀቴ እንቢ አለኝ፣ የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ

የባቲው ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ፣ አይቃጠልም። ብርኩማ እኮ ለኛም አዲስ ነገር አይደለም፣ ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ የተቀባች ሴት ጸጉሯ እንዳይበላሽባት አንገቷን እሱ ላይ አስደግፋ ነው የምትተኛው። የእማማ እስካሁን አለ፣ ከወይራ የተጠረበ፣ መሀሉ በቅቤ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ግን ልሙጥ ነው፣ የሰው ምስል እኛ ጋ አይቼ አላውቅም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ሙዚየም ብትሄጂ የአገራችንን ዓይነት ዓይነቱን ታያለሽ

ቅርስ ጠባቂ፦
የገለጽሽው የሉባ ሕዝብ ሥራ ይመስላል። አገራቸው ደቡብ ምሥራቅ ኮንጎ ነው፣ ከ1952 መጨረሻ እስከ 1956 ዓ.ም. በቆየው የተመድ ዘመቻ የኛ ሠራዊት እዚያው ደቡብ ምሥራቅ ያለው ካታንጋም ስለነበረ ቦታው ይገጥማል። እነሱም ይተኙበት የነበረው ለጸጉር ብለው ነው፣ ሠርቶ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ጸጉር ነበራቸው፣ አንዳንዱ ከኋላ በደረጃ በደረጃ የሚወርድ፣ የምስሎቹን ማጅራት አገላብጠሽ እዪው እስኪ። ሆዳቸው ላይ ያለው ሴቶቹ ድሮ የምር ገላቸው ላይ ያወጡት የነበረ የጌጥ ጠባሳ ነው። ሴት የሚቀርጹት ደግሞ የንጉሥን መንፈስ መያዝ የሚችለው የሴት ገላ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ከቀደሙት አባቶች ጋ ያያይዙታል፣ እሱን አንክድም፣ ግን ሰው አንገቱን አሳርፎ የሚተኛበት የቤት እቃ ነው፣ ለአክስትሽ ይሄን ንገሪልኝ።

ቫርኒሹን ግን በፍጹም!! ብርጭቆ ወረቀትም አታስነኪው። የጭንቅላት ቅባት ለዓመታት የሠራው ጥቁር ወዝ ነው ዕድሜውን የሚናገረው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፊለት። ከሥሩ አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዝ አለበት ማለት ነው፣ በላስቲክ አየሩን አስወጥተሽ ጠቅልይና ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፣ ስታወጪው ላስቲኩን ወዲያው አትፍቺ፣ አንድ ቀን ይቆይ፣ አለዚያ እርጥበት ይይዘውና ይሰነጠቃል

ደሴ ፒያሳ፦
እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር፣ አባባ የት ከተማ እንደነበሩ ከማን እንደገዙት ወይ ማን እንደሰጣቸው እናትሽ የምታስታውሰውን ዛሬውኑ ጻፊው፣ የዘመቻ ፎቶ ወይ ሜዳሊያ ካለ አብረሽ አስቀምጪ። ያ ታሪክ ከሌለ እኮ ነጋዴ እጅ ገብቶ ዝም ብሎ የአፍሪካ እንጨት ተብሎ ይሸጣል፣ ያንገበግባል ወላሂ

የኮምቦልቻዋ፦
አላህ ይስጣችሁ!! ማጅራታቸውን አየሁት፣ በደረጃ የሚወርድ ጸጉር አላቸው፣ አራት እርከን! አጎቴ ቫርኒሹን ትቶታል። አክስቴ ሳሎን አይውጣ እንጂ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ብላለች፣ ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ከሥሩ ዱቄት ይረግፋል፣ ፍሪዘር ጎረቤት አለ፣ ግን መብራት ሲሄድስ?

ቅርስ ጠባቂ፦
የፍሪዘሩ በረዶ ከቀለጠ ሁለቱን ሳምንት እንደ አዲስ ቁጠሪ፣ ላስቲኩን ግን አትክፈቺው