የዳሌ ጡንቻ ጉልበት አልጨምር አለ፤ ችግሩ ልኬቱ ነው ወይስ ጭነቱ?

ደሴ ላይ የምንከታተላቸው የ62 ዓመት እናት አሉ፤ ቀኝ ዳሌያቸው ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) አለበት። በሳምንት 3 ቀን በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትና ከወንበር መነሳት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ከ8 ሳምንት በኋላ ሕመሙ ቀንሷል፤ እግር ወደ ጎን የሚከፍተው ጡንቻ ጉልበት ግን ንቅንቅ አላለም። በቀኝ እግራቸው ሲቆሙ ግራ ዳሌያቸው አሁንም ይወርዳል።

ዳይናሞሜትር (የጡንቻ ጉልበት መለኪያ) ስለሌለን የምንለካው ግድግዳ ላይ በታሰረ ባለመንጠቆ ሚዛን ነው። ቀበቶው ከቁርጭምጭሚት 5 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ገመዱ ከእግር ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል (ካጋደለ ቁጥሩ ይዋሻል)። 5 ሴኮንድ መግፋት፣ 3 ሙከራ። ኪሎውን በ9.81 እና ከዳሌ እስከ ቀበቶ ባለው ርዝመት በሜትር አባዝተን ለሰውነት ክብደት እናካፍላለን። ቀኙ 0.6፣ ግራው 0.8 ኒውተን ሜትር በኪሎ ወጣ። ግራውም ሊዳከም ስለሚችል እንደ ጤነኛ መነሻ አናምነውም። የጭን ዙሪያ መለካቱንም ትተነዋል፤ ስለ መቀመጫ ጡንቻ መሳሳት አይናገርም።

የቸገረን ጭነቱ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ 1 ኪሎ አሸዋ ሲታሰር 10ኛው ላይ ሲደርሱ ገና 5 ወይም 6 ጊዜ መጨመር ይችላሉ፤ ቀላል ነው። 2 ኪሎ ሲሆን ወገባቸው ወደ ኋላ ይጠማዘዝና ሥራውን የፊተኛው የዳሌ ጡንቻ ይቀማዋል። ከዘራውንም በግራ እጅ ያዙ ብንልም ቁልቁለት ላይ ወደ ቀኝ ይመልሱታል፤ የደሴ መንገድ መቼ ሜዳ ሆኖ!

ከ1 ወደ 2 ኪሎ መሸጋገሪያው ምን ይሁን? ቆሞ በላስቲክ መሥራት ይሻላል? ጡንቻው ሳስቶ ነው ወይስ ሕመሙ እየገታው እንደሆነ በአልትራሳውንድ የምትለዩ ካላችሁስ፣ መመርመሪያውን የት ታሳርፋላችሁ?