ችክችካው ሮቦት ሆነብኝ፣ ማሲንቆውም ቫዮሊን መሰለ (ኤፍኤል ስቱዲዮ)

ጀማሪ ቢት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዘፈን የሌለበት ሙሉ በሙሉ በመሳሪያ ብቻ የሆነ ነገር በኤፍኤል ስቱዲዮ (የሙዚቃ መስሪያ ሶፍትዌር) እየሰራሁ ነው፣ በአምባሰል ቅኝት፣ ከበሮ ቤዝ ክራር ማሲንቆ ሁሉንም በማውስ ነው የማስገባው ኪቦርድ የለኝም። ችክችካው (የጭፈራ ምቱ) ሰልፍ ላይ ያለ ወታደር ነው የሚመስለው፣ ለእስክስታ አይጠራም፣ 16ቱ ስቴፕ (የምት ማስቀመጫ ሳጥን) ላይ ስደረድረው ደግሞ ዞሮ ሲመጣ ይሰናከላል። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) 120 አድርጌዋለሁ ግን ተንቀራፈፈብኝ ለምንድነው? ማሲንቆውማ ቁጭ ቫዮሊን። ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ስለሆነ ከባድ ላይብረሪ አትጠቁሙኝ በናታችሁ 🙏

ሌሊት ሰሪ፦
ብሮ 16 ስቴፕ የ4/4 ነው፣ ችክችካ 6/8 ስለሆነ ለአንድ ባር (አንድ የምት ዙር) 12 ስቴፕ ነው የሚበቃህ። ፕሮጀክት ሴቲንግ ገብተህ ታይም ሲግኔቸሩን (የምት አቆጣጠሩን) 6/8 አርገው። አመታቱ ረጅም አጭር ረጅም አጭር ነው፣ ማለትም 1፣ 5፣ 7፣ 11 ላይ። ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) 1 እና 7 ላይ ብቻ ተወው። ቤዙን 1፣ 5፣ 9 ላይ ካስቀመጥከው ሶስቱ በሁለቱ ላይ ይሄዱልሃል፣ ትከሻ የሚያስነሳው እሱ ነው።
ቴምፖው ደሞ ኤፍኤል የሚቆጥረው ኳርተር ኖት (4 ስቴፕ) ነው፣ አንተ በእግርህ የምትመታው ግን ዶትድ ኳርተር (6 ስቴፕ)፣ ስለዚህ በ1.5 አባዛው። 120 ሆኖ እንዲሰማህ 180 ጻፍ።

ክራር ደርዳሪው፦
እሱ ያለው ልክ ነው ግን ሁሉም ግሪዱ (የስቴፖቹ መስመር) ላይ ቁጭ ካለ ሮቦትነቱ አይለቅህም። ቬሎሲቲ (የአመታት ጉልበት) ከ0 እስከ 127 ነው ያለው፣ ሁሉንም 100 ላይ ደርድረህ ከሆነ ገና ሲጀምር ያስታውቃል። ረጅሟን 105 አካባቢ፣ አጭሯን 65 አካባቢ አርጋትና ስናፑን (ኖቱን ግሪዱ ላይ የሚያጣብቀውን) አጥፍተህ አጭሯን ትንሽ ዘግየት አርጋት፣ በጣም ትንሽ። ራንደማይዝ ተጭነህ እንዳትገላገል! ጥሩ ከበሮ መቺ የሚዘገየው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ በዘፈቀደ አይደለም።
አምባሰል ከሲ ከተነሳህ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፣ ኤፍና ጂ መሃል ሌላ ኖት ከገባብህ ከቅኝት ወጥተሃል ማለት ነው። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ከፒያኖ ጋር ግጥም አይልም፣ ስለዚህ የክራሩን ዲ ፍላት በጥቂት ሴንት (የሴሚቶን መቶኛ) ከፍ ዝቅ እያረክ የምታምርበትን ፈልግ።

የዲሲዋ፦
እኔ ግን ማሲንቆ ማስመሰሉ ለምን አስፈለገ ባይ ነኝ ወንድሜ። ኪቦርዲስቱ ሃይሉ መርጊያ በፈረንጆች 1985 እዚህ ዲሲ ሆኖ ሲቀዳ አኮርዲዮኑን ይዞ ከስሩ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ሙግ ሲንተሳይዘር ነው ያስገባው፣ ሲንተሳይዘሩ ሲንተሳይዘር መሆኑን አልደበቀም፣ ቅኝቱ ግን የኛው ነው። ለላፕቶፕህም ቀላል ሲንተሳይዘር ይሻላል።

ክራር ደርዳሪው፦
እህቴ በሃሳብሽ እስማማለሁ፣ ግን ልጁ ማሲንቆ ነው የፈለገው 😄 ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ስለዚህ ሁለት ኖት አንድ ላይ እንዳይጮህ ሞኖ አርገው። ጣት ስለሚንሸራተት ደግሞ ከታች ወደ ኖቱ እየሳብክ አስገባው፣ ረጅም ኖት ላይ መጨረሻውን አንቀጥቅጠው። ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ቀንስ፣ ቫዮሊን ያስመሰለው ግማሹ እሱ ነው።

ጀማሪ ቢት፦
ተባረኩ! 180 እና 12 ስቴፕ ያላችሁት ሰራ፣ አሁን ይወዛወዛል። የማሲንቆው ስላይድ ኖት (ድምፁን የሚያንሸራትተው) ግን ምንም አይሰራም፣ ሳምፕሉ (የተቀዳው ድምፅ) ያለው ከውጭ ያመጣሁት ቪኤስቲ (ተጨማሪ የመሳሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ ነው።

ሌሊት ሰሪ፦
ስላይድ ኖት የሚሰራው በኤፍኤል የራሱ ፕለጊኖች ላይ ነው ለዛ ነው። ወይ ዋቩን (የድምፅ ፋይሉን) አውጥተህ የኤፍኤል ሳምፕለር ላይ ጣለው፣ ወይ ቪኤስቲው ላይ ፒች ቤንድ (የድምፅ ማጠፊያ መስመር) ሳል። ሬንጁን ግን እይ፣ ብዙዎቹ 2 ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ላይ ናቸው፣ ከሲ ወደ ዲ ፍላት 1 ስለሆነ ይበቃሃል፣ ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ ግን 4 ነው፣ እዛ ጋ ሬንጁን ካላሰፋኸው መንገድ ላይ ይቀራል።

ጀማሪ ቢት፦
ሳምፕለሩ ላይ ጣልኩት፣ ተንሸራተተ 🔥 ማታ ኤምፒ3 አርጌ እለጥፋለሁ፣ ቤዙ በዝቷል ካላችሁ ንገሩኝ።