ጅማ ላይ የፖሊስ ምልምሎችን የኋላ ታሪክ ማጣራት ሥራ ተመደብኩ፣ ከየት ልጀምር?

የሄርማታዋ (ጠያቂ)፦

ሰላም ናችሁ? ጅማ ነው ያለሁት። ፖሊስ ውስጥ በሲቪል ሠራተኛነት መዝገብ ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን የአዲስ ምልምሎችን የኋላ ታሪክ የሚያጣራ ቡድን ውስጥ ተመድቤያለሁ። ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። አለቃዬ «ማስረጃቸውን እዪ፣ ሰፈር ወርደሽ ጠይቂ፣ አስተያየትሽን ጽፈሽ አምጪ» ብሎኝ ሄደ።

ያስቸገረኝን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ አለ፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም «አባ ቡልጉ» ነው፤ መታወቂያው ላይ «አባቡልጉ» ተብሎ ተገጣጥሟል፤ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ «ቡልጉ» ብቻ። የትውልድ ዓመቱ አንዱ ጋ 1997፣ ሌላው ጋ 2004 ይላል። ፎርጅድ ነው ብዬ ልጻፍ? ሰፈሩ ወርጄ ስጠይቅ አንዲት ጎረቤት «ሌባ ነው» አሉኝ፤ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ «ከሱ የሚሻል ልጅ የለም» አሉ። ማስታወቂያው «ከማንኛውም ሱስ ነፃ የሆነ» ይላል፤ ጅማ ተወልዶ ጫት ቀምሶ የማያውቅ ወጣት ስንት ይገኛል? እናቴ ደግሞ አዲሱን ሥራዬን ለእድር ሰዎች አውርታ ስልኬ ማረፊያ አጥቷል።

የምታውቁ ካላችሁ ዝም አትበሉኝ።

ጡረተኛው ኢንስፔክተር፦

ልጄ፣ ከስሙ እንጀምር። በጅማ «አባ» የማዕረግ መጠሪያ ሳይሆን የስሙ አካል ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ራሳቸው ታሪክ የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ጸሐፊ ግን እንደ መነኩሴው «አባ» መስሎት ይቆርጠዋል፣ ሌላው ያገጣጥመዋል። በዚያ ላይ የቀበሌው ወረቀት በኦሮምኛ በቁቤ ነው፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለበጥ ከድር «ቀድር» ሆኖ ይወጣል፤ ሙሐመድማ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ በስም ብቻ አትፍረጂ። የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት የገባበትን ዓመትና ፎቶውን አስተያዪ። እነዚህ ከገጠሙ ሰውየው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ገልጠሽ ቀበሌው «የአንድ ሰው ስም ነው» ብሎ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቂ። ስሙ ከነጭራሹ ከተለወጠ ግን፣ ትናንት ከድር የነበረው ዛሬ ተስፋዬ ሆኖ ከመጣ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያምጣ።

ዓመቱ ላይ የሰባት ወይም የስምንት ልዩነት ስታዪ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ልጁን ሳይሆን የዘመን አቆጣጠሩን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስምንት። ጥቅምት 10 ቀን 1997 ብትይ በፈረንጅ ኦክቶበር 20 ቀን 2004 ነው። ቀንና ወሩን ቀይረሽ ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሆን ነው ነገሩ የሚሸተው፤ ያኔ የዕድሜ ጣሪያው እንዳያልፍበት የቀነሰ ሊሆን ስለሚችል አንደኛ ክፍል የገባበትን መዝገብ አስወጪ። በስድስት ዓመቴ ነው የገባሁት የሚል ሰው በወረቀቱ ሲሰላ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ይገኛል።

የሰው ሀብት ነኝ፦

ስሙንና ዓመቱን ኢንስፔክተር ጨርሰውታል፤ እኔ ደብዳቤ ላይ ልጨምር። መዝገብ ቤት የሠራሽ ስለሆንሽ ከብዙዎቻችን ትሻያለሽ።

ምልምሉ በእጁ ይዞት የመጣውን የሥራ ልምድም ሆነ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳለቀ ማስረጃ አትቁጠሪው። ደብዳቤው አናት ላይ በተጻፈው ስልክም አትደውዪ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ራስሽ ከሌላ ቦታ ፈልጊ። ከዚያ መዝገብ ቤቱን «ይህ ቁጥር በወጪ ደብዳቤ መዝገባችሁ ላይ ለማን፣ ስለ ምን ጉዳይ ነው የወጣው?» ብለሽ ጠይቂ። «ይህን ደብዳቤ ጽፋችኋል?» ካልሽ፣ ለመነሣት የሰነፈ ሠራተኛ «አዎ» ብሎሽ ይዘጋል። ማህተምና ቲተር ዛሬ ገንዘብ ላለው ይቀረጻል፤ ከወራት በፊት በሞላ መዝገብ ላይ ግን በሁለት መስመር መሀል አንድ ደብዳቤ መሰንቀር ይከብዳል። የቁጥሩንም ቅደም ተከተል እዪ። የአንድ መሥሪያ ቤት የግንቦት ደብዳቤ ቁጥሩ በዚያው ዓመት ከመጋቢቱ ካነሰ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይጣራል። የግል ኮሌጅ ዲግሪ ከሆነ ኮሌጁ ፈቃድ የነበረው በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቅርንጫፍና በዚያ የትምህርት መስክ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቂ። ፈቃድ የሌለው ቅርንጫፍ የሰጠው ዲግሪ ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ጉዱ ሌላ ቦታ ነው።

አቋራጭ፦

ኧረ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቀበሌው «መልካም ሥነ ምግባር ያለው» ብሎ ከጻፈ፣ ከወንጀል ነፃ የሚል የአሻራ ማስረጃ ካመጣ አለቀ። በሰው እንጀራ ላይ ወረቀት አታብዙ።

ጠበቃው ከቦሳ፦

አቋራጭ ወንድሜ፣ ቀበሌ «ሥነ ምግባር የለውም» ብሎ የጻፈለት ሰው አይተህ ታውቃለህ? የአሻራ ማስረጃም የሚነግርህ ተመዝግቦ የተገኘውን ብቻ ነው።

እህቴ፣ ወደ ጎረቤቷ ልምጣ። «ሌባ ነው» የሚል ቃል ተቀብለሽ ከወጣሽ የያዝሽው ስድብ ነው። «ምን ሰረቀ? መቼ? የማንን? አይተዋል ወይስ ሰምተው ነው? ለፖሊስ ወይም ለሽማግሌ ቀርቦ ነበር?» ብለሽ እዚያው ቆመሽ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወሬው ይቀልጣል፤ ወይ ደግሞ ከሥሩ የቡና መሬት ክርክር ወይም የአጥር ጠብ ይወጣል። ያመሰገኑትንም ሽማግሌ እንደዚያው ጠይቂ፤ የእናቱ ወንድም ሆነው ቢገኙ አይግረምሽ። ሰፈር ስትወርጂ ምልምሉ ራሱ የጠቆመሽን ሰዎች ብቻ አናግረሽ አትመለሺ። የልጁን እኩዮች፣ ሱቅ ያለውን፣ ባጃጅ አብሮት የነዳውን አናግሪ። ሱቅ ውስጥ ያለ የዱቤ ደብተር ከአንድ የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ያወራል።

ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ ነህ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል፤ ይሄ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልተከሰሰም። «ሌባ ነው» አይባልም፤ «አንዲት ጎረቤት በዚህ ቀን እንዲህ ብለዋል፣ በዓይናቸው አላዩም፣ ለፖሊስ የቀረበ አቤቱታ አላገኘሁም» ይባላል። ልጁንም ጠርተሽ መልሱን ጻፊበት። ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ስም ግን ለሱ አትስጪ። የተናገሩትን ሰው ነገ ማን ይጠብቅልሻል?

ከለንደን፦

የጅማ ልጅ ነኝ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ጠበቃው ያሉት ልክ ነው፤ ግን ሌላ ጎን አለው።

የእንግሊዝ የፖሊስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2022 ባወጣው ሪፖርት 725 የማጣሪያ ማኅደሮችን መርምሮ፣ በ131ዱ ውሳኔው ቢያንስ አጠያያቂ ነው ብሏል። ዴቪድ ካሪክ የሚባል የለንደን ፖሊስ በፈረንጅ በ2001 ተቀጥሮ፣ በ2017 እንደገና ተጣርቶ አልፏል። በጃንዋሪ 2023 ያመናቸው ክሶች 49 ደረሱ፤ አስገድዶ መድፈር አለበት። ከዚያ በፊት ስለ እሱ በተለያየ ጊዜ የቀረቡ ጥቆማዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ለብቻው ክስ ሳይሆን ስለቀረ፣ ማንም አንድ ላይ አድርጎ አላያቸውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ያልተረጋገጠ ነው ብለሽ የጎረቤቷን ቃል አውጥተሽ አትጣዪው። በጠበቃው አጻጻፍ፣ ከነቀኑና ከነምንጩ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ። ንጹሕ ከሆነ አይጎዳውም። ካልሆነም ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከሌላ ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ያቺ ማስታወሻ ትናገራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚጥለው ያደረገው ነገር ሳይሆን መደበቁ ነው። በ17 ዓመቱ ተደባድቦ ጣቢያ ያደረ ልጅ ራሱ ጽፎ ካመጣው እናየዋለን። «ተይዘህ ታውቃለህ?» ለሚለው «በፍጹም» ብሎ ከፈረመ በኋላ ከተገኘ ግን ችግሩ የዛሬ ነው።

የሄርማታዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጫቱስ? ሁላችሁም ዘለላችሁት።

ጡረተኛው ኢንስፔክተር፦

ሁላችንም ስለምንቅም ይሆናላ!

ቁም ነገሩን ካልሽ፣ ጫት መቃም በሕግ ወንጀል አይደለም፤ ሐሺሽ ወንጀል ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል አትጻፊ። «ሱስ» የሚለውን አንቺ በልብሽ አትተርጉሚው፤ አለቃሽ በጽሑፍ መለኪያ ይስጥሽ፣ ለሁሉም ምልምል በዚያው ለኪ። የታወቀ ሰው ልጅ ሲሆን «አልፎ አልፎ ይቅማል»፣ የድሃ ልጅ ሲሆን «ሱሰኛ ነው» የሚል ማኅደር ብዙ አይቻለሁ። እኔ የምጠይቀው የነበረው ከቃመ በኋላ ያለውን ነው፤ ጠዋት ሥራ ይገባል? ለጫት ተበድሮ ያልከፈለው አለ? ሳይቅም ቢውል ይጣላል? ቅዳሜ ከአባቱ ጋር በርጫ ቁጭ የሚልና የሰው ሞባይል አስይዞ የሚቅም አንድ አይደሉም። የጤናውን ሐኪም ይመልከተው።

የሰው ሀብት ነኝ፦

የዘመዶችን ስልክ በተመለከተ፣ አትከራከሪ፣ አትቆጪ። «እትዬ፣ የልጁን ስም ከነገሩኝ ማኅደሩ ከእኔ ወጥቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ለምን እንደተሰጠም ይጻፍበታል» በያቸው። ስም ሳይነግሩሽ ይዘጋሉ። ነግረውሽ ከሆነም ያልሽውን አድርጊ፤ በዚያው ቀን ለአለቃሽ «እገሌ ዘመዴ ስለሆነ ጉዳዩ ለሌላ ባለሙያ ይመራልኝ» የሚል አጭር ማስታወሻ ጽፈሽ ግልባጩን ያዢ። ቤት ድረስ በፌስታል የሚመጣ ቡና ወይም ማር እናትሽ እንዳይቀበሉ አስጠንቅቂያቸው፤ ጉቦ የሚገባው በአንቺ በር ብቻ አይደለም። ማኅደርም ቤት ይዘሽ አትሂጂ፤ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ለባልደረባ መላክም ይቅርብሽ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አለቃሽ ካላነበበው አትመሽ ስጪው።

የሄርማታዋ፦

ማስታወሻውን ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ከመና ወረዳ የመጣ አንድ ምልምል የጣት አሻራው አልነበብ ብሎ ሁለቴ ተመለሰ። ድንጋይ ሲፈልጥ ነው ያደገው። ሆን ብሎ አጥፍቶት ነው የሚሉ አሉ።

ጡረተኛው ኢንስፔክተር፦

ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው ጣቱ ላይ የተቃጠለ ወይም የተቆረጠ ጠባሳ ታያለሽ። የድንጋይና የሲሚንቶ ሠራተኛ ግን መስመሩ አልቆ ጣቱ ልሙጥ ይሆናል፤ አጥፍቶት አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ከዚያ ሥራ ይረፍ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀባ፤ ቆዳው ሲታደስ መስመሩ ይመለሳል። በሚሰጥበት ቀን ግን ቅባቱን በሳሙና ታጥቦ እጁን በደንብ ያድርቅ። ቀለም የሚቀባው ባለሙያ ቀለሙን በስሱ ይቀባ፤ ሲበዛ ያለችውንም መስመር ይደፍናታል። ጣቱን ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ አንዴ ብቻ ያንከባልለው፣ ወደ ኋላ አይመልሰው። ልጁም ክንዱን ዘና ያድርግ እንጂ «ላግዝህ» ብሎ ራሱ አይጫን። አንዱ ጣት እምቢ ካለ ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍና የተቀሩት ይላኩ።