ውትርንን ለማዳን ሦስት ዕድሮች ተባበርን፤ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ግን እንዴት እንያዘው?

የውትርን ዳር (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ፣ ውትርን ወንዝ ዳር ነው። እናቴ ጋቢ የምታጥበው እዚያ ነበር፣ በእንዶድ። እኛ ልጆቹ ከበታች ጠጠሩ ላይ ተቀምጠን አረፋው ሲወርድ እናይ ነበር። ዛሬ እዚያው ድንጋይ ላይ ብትቆሙ የምታዩት ፌስታል፣ የመኪና ዘይትና የአረቄ አተላ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ጫማ ሳያወልቁ ይሻገሩታል።

አምና ሦስት ዕድሮች ተስማማን። እኔ የአንዱ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በየወሩ ከአባል 10 ብር ጨመርን፣ ወጣቶቹ ጉልበት አዋጡ፣ ቀበሌው ችግኝና መኪና ሰጠን፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራንም በገዛ ፈቃዳቸው እየመጡ ምን የት እንደሚተከል አሳዩን። መጀመሪያ ላይ ሰዉ አልመጣም ነበር። ያመጡት የደብራችን ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ከተራ ማለት መክተር ነው። አባቶቻችሁ ውኃ ከትረው ታቦት ያሳድሩ ነበር። እናንተ ዛሬ የምትከትሩት ምን ዓይነት ውኃ ነው?» አሉ። በማግስቱ ቅዳሜ አካፋ አልበቃንም።

በጣም የምኮራበት የላቫጆዎቹ ነገር ነው። ስምንት ልጆች ወንዙ ዳር መኪና ያጥቡ ነበር። አንዳንዱ «ፖሊስ ያባርራቸው» አለ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ የሁለቱን እናቶች አውቃቸዋለሁ፣ የሚበሉት ከዚያው ነው። ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን ከመንገዱ በላይ ቦታ ተሰጣቸው፣ ዘይቱና ጭቃው የሚቀርበት ጉድጓድ አብረን ቆፈርን፣ ጠጠርና አሸዋ ሞላንበት። አሁን ከስምንቱ አንዱ የችግኙ ጠባቂ ነው፤ ደመወዙን ዕድሮቹ እንከፍላለን።

ሐምሌ ላይ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ቀርከሃ ተከልን። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከላይ ካለው ቦረቦር፣ ጎርፍ ከሸረሸረው ገደል፣ ጎርፍ አውርዶ ቀርከሃውን ከነአፈሩ ወሰደው። የተረፈውን ጥቅምት ላይ ከብት ገባበት። ጠዋት ሄጄ ሳየው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ወጣን፣ ጎዛምን ወረዳ ገበሬዎቹ ዘንድ። አንድ ሽማግሌ አረፍ በሉ ብለው ጠላ ቀዱልንና እንዲህ አሉን፦ «ከከተማ የሚመጣ ሁሉ ችግኝ ይዞ ነው የሚመጣ። እኔ የቸገረኝ ሣር ነው።» የምመልሰው አጣሁ።

ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ቦረቦሩን ከገበሬዎቹ ጋር ሆነን ከየት እንጀምረው? ሌላው፣ አንድ ትልቅ ግቢ ሌሊት ሌሊት ቱቦውን ወደ ወንዙ ይለቃል። ሁለት ጊዜ ሄደን አናገርናቸው፣ «እናስተካክላለን» ብለው ሸኙን፤ ሽታው ግን እንዳለ ነው። ምን እናድርግ?

ባለእርከኑ (ፍኖተ ሰላም)፦

እህቴ፣ ተፋሰስ ጥበቃ ላይ 15 ዓመት ሠርቻለሁ። ከታች መጀመራችሁ የሁላችንም ስሕተት ነው፤ እኛም ባለሙያዎቹ ስንት ጊዜ ሠርተነዋል። ዓይን የሚያየው ወንዙን ነዋ።

ቦረቦር የሚታከመው ከአናቱ ነው። መጀመሪያ ውኃው ወደ ቦረቦሩ የሚገባበትን ፈልጉ። ከእርሻው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍራችሁ ውኃውን ሣር ወዳለበት አስተንፍሱት። የከተማውን መንገድም እዩ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መሬቱ ውኃ መምጠጥ ያቆማል፣ የቱቦው አፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦረቦር ራስ ላይ ነው የሚከፈት። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱን ገበሬው ላይ ብቻ መለጠፍ አይገባም።

ከዚያ ክትር፣ ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚያበርድ ትንሽ ግድብ። የድንጋይ ክትር ስትሠሩ መካከሉን ከዳርና ከዳሩ ዝቅ አድርጉት፣ ውኃው በመካከል ይለፍ። እኩል ከሆነ ጎርፉ በጎን ይዞርና ግድግዳውን ይበላዋል፣ ክትሩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ሁለቱን ጫፍ ወደ ግድግዳው ቆፍራችሁ አስገቡ። ርቀቱን በዓይን አትገምቱ፤ የላይኛው ክትር እግርና የታችኛው ክትር ውኃ ማሳለፊያ በአንድ ልክ መዋል አለባቸው። ክር ላይ የሚሰቀል ውኃ ልክ ይበቃል። ድንጋይ የሚይዘው አንድ ሁለት ክረምት ነው፤ ደለሉ ሲሞላ ሣር ካልበቀለበት ይፈርሳል።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። መልሱን የሰጧችሁ እርሳቸው ናቸው። ዴሾ ሣር ትከሉ። በዘር ሳይሆን ጉጦውን እየገነጠሉ ነው የሚተከለው፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ። ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ለደጋችሁ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍም ይስማማል፤ ከብት ይበላዋል፣ ንብም አበባውን ትወደዋለች። ባሕር ዛፍን ከወንዙ አርቁት።

ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ተስማሙ። በቃል አይሁን፤ ጽፋችሁ ፈርሙ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚባል ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ሸፍኖት ነበር። ዘመቻ አይደለም ያስተከለው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘርቶ ያመርት፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰሉን ይሸጥ ነበር። ወንዝ ዳር ዲከረንስ ትከሉ ማለቴ አይደለም። መሬቱ ለባለቤቱ የሚሰጠው ነገር ሲኖር ጥበቃ አይቸግርም ማለቴ ነው።

የረቡ ገበያ ልጅ፦

እታለም፣ እኔ የሲናን ወረዳ ልጅ ነኝ፣ ጨሞጋ ወንዝ ከሚነሣበት ከጮቄ ተራራ ሥር። አባቴ ገብስ፣ እንግዶና ድንች ያመርታል። ጥር በገባ ቁጥር ለተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል። አንድ ዓመት ከማሳው ዳር ያለችውን ተዳፋት «ከንክኪ ነፃ» ብለው ከለሏት። አባቴ አልተቃወመም። ሁለት በሬውንና ላሙን ግን የት ያሰማራ? የሰማው የለም። ልቅ ግጦሽ ይቅር ሲባል ድርቆሽ ከየት ይምጣ የሚለው አብሮ ካልተነሣ ከብቱ ማታ ማታ ይገባል፤ ገብቶም አይቻለሁ።

እናንተ ሽቅብ ወጥታችሁ መጠየቃችሁ ደስ አሰኝቶኛል። አባቴ ቤት እስካሁን ለመጠየቅ የመጣ የከተማ ሰው አላየሁም። የሚነገራቸው እንጂ የሚጠይቃቸው የለም። ስትሄዱ በሥራ ሰዓት አትሂዱ፤ ለሰንበቴ ሲሰበሰቡ እሑድ ሂዱ፣ ሴቶቹንም አናግሩ። ሣር የሚያጭዱት፣ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው። ደለሉ ወደ ምንጩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ስለ ቱቦው ልናገር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዳችሁ አትለምኑ። ማመልከቻውን ሦስቱም ዕድሮች በማኅተማቸው ያስገቡት፣ የገባበትን ቀን በቅጂው ላይ አስፈርሙ። ቀኑ ካልተጻፈ ሠላሳው ቀን ከየት ይቆጠራል? ቱቦው የሚለቀቅበትን ሌሊትና ሰዓትም መዝግቡ፤ ናሙና የሚወስዱት ባለሙያዎች መቼ እንደሚመጡ የሚያውቁት ከዚያ ነው።

ይህን የምለው እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ስላየሁ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ታየ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ቄሱ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው፤ እኔም ነቅያለሁ። ተመልሶ በቀለ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ምግቡ ደግሞ ወንዞቹ ከማሳና ከከተማ ጠርገው የሚያመጡት ደለል፣ ማዳበሪያና እጣቢ ነው። እኛ ሐይቁን ስናጸዳ ወንዙ ሲመግበው ነበር። እናንተ ከወንዙ በላይ ለመውጣት አሁኑኑ ማሰባችሁ ብዙ ድካም ያድናችኋል።

የውትርን ዳር (ደብረ ማርቆስ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ያላችሁትን ለዕድሮቹ አነበብኩላቸው። እሑድ ከሰንበቴ በኋላ አራት ሆነን ሽማግሌው መንደር ወጣን፣ ሁለታችን ሴቶች። የረቡ ገበያው ልጅ እውነቱን ነው። አንዲት እናት እጄን ይዘው ወስደው ምንጫቸውን አሳዩኝ፤ ግማሹ በደለል ተሞልቷል። ለካ እኛን የጎዳን ጎርፍ መጀመሪያ የጎዳው እነርሱን ነው። ይህን ሳላውቅ ነው አምና ሙሉ «የላይኞቹ» እያልኩ ሳማርር የኖርኩት፤ አሁን ያሳፍረኛል።

የተስማማነው ይህ ነው፦ ዕድሮቹ ለድንጋይ ማጓጓዣና ለሣሩ ጉጦ ገንዘብ እናወጣለን፣ ክትሩን በወንፈል አብረን እንሠራለን፣ ሣሩ በቦረቦሩ ግራና ቀኝ ላሉት አሥራ አንድ አባወራዎች ነው። ከእኛ አንድም ሰው ነዶ አይጠይቅም። ከብት የለቀቀ በራሳቸው ደንብ ይቀጣል፤ ቅጣቱን እነርሱ ይወስኑ። ምንጩን ደግሞ መጀመሪያ እንጠርጋለን፣ ከክትሩ በፊት። ይህን የጠየቀን የለም፣ እኛ ነን ያልነው።

የመንገዱን ቱቦ አፍም አየነው። ባለእርከኑ ወንድሜ፣ እንዳልከው ቦረቦሩ ራስ ላይ ነው። ፎቶ አንሥተን ለማዘጋጃ ቤቱ አስገብተናል። የሌላውን ቱቦ ማመልከቻ ሰኞ አስገባን፣ ቅጂው ላይ አስፈርመናል፤ ቀኑን ቆጥሬ እጽፍላችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የዴሾ ጉጦ በቅርብ ከየት እናገኝ ይሆን? ወረዳው ያለው ለማሳያ የተተከለ ጥቂት ነው። ከቡሬ ወይም ከደንበጫ ወዲህ ያለው ሰው ካለ ዋጋውንና መጫኛውን ንገሩኝ፤ ከሰኔ በፊት መቋጨት አለብን።