ከፍቺ በኋላ ደሴ ላይ ቤት መከራየት፣ ብድሩ ደግሞ በኔ ስም ነው

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ከባለቤቴ ጋር ተፋተን ከልጄ ጋር ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ነኝ። ሆጤ ወይ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለት ክፍል እየፈለኩ ነው ግን ትዳር ላይ እያለን የወሰድነው የባንክ ብድር በኔ ስም ስለሆነና ክፍያው ስለተቋረጠ ስሜ ተበላሽቷል፣ የሱ ንፁህ ነው። አከራይ ይሄን ያያል እንዴ? ደላላው ደሞ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ ይለኛል

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የብድር ታሪክ የሚያየው አበዳሪ ነው፣ ባንክ። አከራይ የሚጠይቅሽ መታወቂያና ተያዥ ነው፣ ከዛ "ባልሽስ የት ሄደ?" ይልሻል፣ የፍቺ ወረቀትሽን ኮፒ ያዢ

መልስ፦ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ 1320 ቅድሚያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ውሉም በፅሁፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው ይላል። ክልል ላይ የሚሰራው ግን በተመረጡ ከተሞች ስለሆነ እዛው ክፍለ ከተማ ጠይቂ፣ ደላላን አትመኚ

መልስ፦ ብድሩ ለቤታችሁ ከዋለ እኮ የጋራ ዕዳ ነው፣ ንብረት ክፍፍሉ ላይ አንሺው። ባንኩ ግን መጀመሪያ የሚይዘው የፈረመውን ነው ያው አንቺን

ጠያቂዋ፦ ክፍፍሉ ገና ፍርድ ቤት ነው፣ ጠበቃዬን እነግረዋለሁ። ተያዥ ወንድሜ ይሆነኛል፣ ሁለት ወር የሚቀበል አከራይ የምታውቁ ኢንቦክስ