በራሱ ክብደት የሚመገብ የድንጋይ ከሰል ምድጃ፦ ከሻጮች ቃል የትኛውን እንመን?

በሰሜን ምሥራቅ ፔንስልቬንያ ቤት የገዛችሁና የማሞቂያ ዘይት ሒሳብ ያስመረራችሁ ወገኖች ስለዚህ ምድጃ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። ሻጮች የሚነግሯችሁም ተመሳሳይ ነው፦ አንዴ ከሞላ 24 ሰዓት ይነድዳል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ጭስ የለውም፣ ሙሉ ቤት ያሞቃል። የተባለው ሁሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ቃል በወረቀትና በእስክሪብቶ መፈተን ትችላላችሁ፤ ይህን ጥቆማ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእሳቱ በላይ ሆፐር የሚባል የከሰል ማጠራቀሚያ አለ። የታችኛው ከሰል ነድዶ አመድ ሲሆንና አመዱ ሲራገፍ የላይኛው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሞተር የለውም። የአየር መግቢያውን የሚቆጣጠረው ሲሞቅ የሚጠማዘዝ ጥቅል ብረት ነው፤ ምድጃው ሲበርድ ትንሿን መዝጊያ በሰንሰለት ይከፍታታል፣ ሲግል ይዘጋታል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አይፈልግም መባሉ እውነት ነው። ልብ በሉ፤ ሙቀቱን የሚበትነው ማራገቢያ ግን በኤሌክትሪክ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ እሳቱ ይቀጥላል፣ ሙቀቱ ግን በአብዛኛው ምድጃው ባለበት ክፍል ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱ ቁጥሮች ነው። ማስታወቂያው በሰዓት 70,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ይልና ከጎኑ 24 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። አንትራሳይት፣ ማለትም ጠንካራው የፔንስልቬንያ ከሰል፣ በአንድ ፓውንድ 12,500 ቢቲዩ ገደማ ይይዛል። ማጠራቀሚያው 40 ፓውንድ የሚችል ከሆነ ውስጡ ያለው ጠቅላላ ኃይል 500,000 ቢቲዩ ነው። ምድጃው 70 በመቶውን ለቤቱ ቢሰጥ 350,000 ይሆናል። ለ24 ሰዓት ስታካፍሉት በሰዓት 14,600 ገደማ ይደርሳችኋል፤ በሰዓት 70,000 ካወጣችሁ ደግሞ በ5 ሰዓት ያልቃል። ከፍርግርጉ ላይ ያለው ከሰል ጊዜውን ትንሽ ያራዝመዋል እንጂ ስሌቱን አይሽረውም። ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሙሌት ግን አብረው አይገኙም። የ24 ሰዓቱ ለለስላሳ ቀን ነው፣ የ70,000ው ደግሞ ቅዝቃዜው ለበረታበት ሌሊት። ሻጩን መጀመሪያ «ማጠራቀሚያው ስንት ፓውንድ ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን በቁጥር የማይመልስ ሰው ስለ ሰዓት የሚነግራችሁን አትመኑት።

«2,000 ስኩዌር ጫማ ያሞቃል» የሚለውን እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ግድግዳው ባዶ የሆነ የማዕድን ሠራተኞች አሮጌ ቤትና ትናንት የተሠራ ቤት ስፋታቸው እኩል ቢሆንም የሚያፈስሱት ሙቀት አይገናኝም። የሚሻለው ያለፈውን ክረምት የዘይት ደረሰኝ ማውጣት ነው። አንድ ጋሎን ዘይት ወደ 138,500 ቢቲዩ አለው። 600 ጋሎን ካቃጠላችሁና ማሞቂያችሁ 80 በመቶውን ከተጠቀመበት ቤቱ የወሰደው ወደ 66 ሚሊዮን ቢቲዩ ነው። 2,000 ፓውንድ የሚመዝነው የአሜሪካ ቶን ከሰል 25 ሚሊዮን ይይዛል፤ በ70 በመቶ 17 ሚሊዮን ተኩል ይሰጣል። ስለዚህ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አራት ቶን የሚጠጋ ነው፤ «በሁለት ቶን ክረምቱን ትወጣላችሁ» ቢሏችሁ አትቀበሉ። «አንድ ቶን ከሰል 180 ጋሎን ዘይት ይተካል» የሚለው አባባል ራሱ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ማሞቂያዎች እኩል ብቃት ካላቸው ብቻ ነው።

ብቃቱን ከ90 በመቶ በላይ የሚያደርጉም አሉ። የጭስ ማውጫው አየር ስቦ እንዲያወጣ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያን ሙቀት ሁሉ ለቤት ካስቀራችሁት መሳቡን ያቆማል። «በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የተመሰከረለት» የሚል ከሰል ብቻ የሚያነድድ ምድጃ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ የፌዴራሉ የእንጨት ምድጃ ደንብ ከሰል ብቻ የሚያነድዱትን አያካትትም። ዩኤል 1482 የሚለው ምልክት ግን ጠቃሚ ነው። ከግድግዳ ስንት ሊርቅ እንደሚገባውና የመሳሰለውን የደኅንነት ፈተና ማለፉን ያሳያል፤ የቤት ኢንሹራንስም ሊጠይቃችሁ ይችላል። ስለ ቁጠባ ግን አንዳች አይናገርም።

«ጭስ የለውም» በሚለው ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። አንትራሳይት ጭሱ በጣም ትንሽ ነው፤ እሳቱም ሰማያዊ ነው። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ አይደለም፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት በአገራችን ስንት ቤተሰብ እንዳጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህም ጋዙ ያው ጋዝ ነው። ልዩነቱ ምድጃው ከጭስ ማውጫ ጋር የተገጠመ መሆኑ ብቻ ነው። አደጋው የሚያይለው ቅዝቃዜው ሲበረታ ሳይሆን ውጭው ሞቅ ባለበት የመጸው ቀን፣ ማውጫው መሳብ ሲደክምና እሳቱ ሲታፈን ነው። ስለዚህ በየፎቁ፣ በተለይ ከመኝታ ክፍል አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳትሰቅሉ ክብሪት አትጫሩ። የመሳቡን ኃይል የሚለካ ማኖሜትርም አስገጥሙ፤ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ0.04 እስከ 0.06 ኢንች የውሃ ግፊት ነው፣ የአምራቹ መመሪያ የተለየ ካለ እሱን ተከተሉ።

«ማንኛውንም ከሰል ይበላል» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። እነዚህ ምድጃዎች የሚሠሩት ለአንትራሳይት ነው። ለስላሳው ቢቱሚነስ ከሰል ሲሞቅ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ አይወርድም፤ የሚተነው ጋዝ ማጠራቀሚያው ውስጥ ተከማችቶ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። የከሰሉ ቁራጭ መጠንም ነት ወይም ፒ የሚባለው፣ አምራቹ የጻፈው ብቻ ይሁን።

ወደ ምርቶቹ ስንመጣ፣ በዚህ ዓይነት በብዛት የምታገኟቸው የኢንዲያና በርን ከተማው ሂትዘርና ከፔንስልቬንያ ላንካስተር ካውንቲ የሚመጣው ዲኤስ ማሽን ናቸው። ሁለቱም ጠንካራ ብረት ናቸው፤ ምርጫችሁን በማጠራቀሚያው ክብደትና መለዋወጫ በቅርብ በሚሸጥላችሁ ነጋዴ ላይ መሥርቱ። ሙቀቱን በእጃቸው ሳይነኩት በቁጥር ማስተካከል የሚፈልጉ ደግሞ እንደ ኪስቶከርና ሌዠር ላይን ያሉትን፣ ሩዝ የሚያህል ከሰል በሞተር የሚመገቡትን ይመልከቱ። እነሱ የበለጠ እኩል ይነድዳሉ፣ ግን መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ። መብራት በሚጠፋበት ገጠር ለሚኖር ሰው እኔ ያለ ጥርጥር በክብደት የሚመገበውን እመርጣለሁ። ጠዋትና ማታ አመዱን ለማራገፍ ጊዜ ለሌለው ግን አልመርጥለትም። ራግፎ መጨረስን የሚያውቁት ከሥር በአመድ መያዣው ላይ የፍሙ ቀይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲታይ ነው፤ አንድ ጥግ ጨለማ ከሆነ እዚያ አመድ ቀርቷል፣ እሳቱም በዚያ በኩል ይሞታል። አመዱ ደግሞ ከከሰሉ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ የት እንደምትደፉት አስቀድማችሁ አስቡ።

ሜሪላንድና ቨርጂንያ ላላችሁ አልመክረውም። ከማዕድኑ በራቃችሁ ቁጥር የማጓጓዣው ዋጋ ቁጠባውን ይበላዋል፣ በተያያዙ ቤቶች ደግሞ የጭስ ማውጫው ነገር ራስ ምታት ነው። ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ የሚያስገባው ሒት ፓምፕ ይሻላችኋል።

አገልግሎት ስትፈልጉ ጭስ ማውጫ ጠራጊውን በከሰል ምድጃ ላይ ሠርቶ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ለጋዝ የተዘረጋ የአሉሚኒየም ቱቦ ለከሰል አይሆንም። ክረምቱ ሲያልፍ ቱቦው ወዲያው ካልተጠረገ የበጋው እርጥበት ከአመዱ ጋር አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። ያገለገለ ምድጃ ስትገዙ ስለዚህ መጀመሪያ የቱቦውን ማያያዣና የማጠራቀሚያውን ማዕዘኖች በባትሪ ብርሃን እዩ። ከዚያ አንድ ዶላር በበሩ ጠርዝ አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ዙሪያውን ያለው ማሸጊያ ገመድ አልቋል። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይም እንዲሁ አድርጉ። የበሩን ገመድ መቀየር ርካሽ ነው። ክዳኑ ራሱ ከተጣመመ ግን፣ በምንም ዋጋ ቢሰጧችሁ፣ አትውሰዱት።