የልጄ ቆዳ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ በትንሽ ነገር ይቀደዳል። ምን ላድርግ?

የቢኒ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። መራመድ ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱና አገዳው ከቁስል አርፎ አያውቅም። ሌላ ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ በሚነሳበት አወዳደቅ የእሱ ቆዳ አፉን ይከፍታል። ሲድን ደግሞ ጠባሳው ይሰፋል፤ ስስ፣ የተጨማደደ፣ የሲጋራ ወረቀት የመሰለ ይሆናል። ክንዱ ላይ ቆዳውን ስስበው ይመጣል፣ ስለቀው ወዲያው ይመለሳል። ሁልጊዜ የሆነ ቦታው በልዞ ነው የሚገኘው። አስተማሪው ጠርታ «ቤት ውስጥ ምን ይደረግበታል?» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የደም መርጋት ምርመራው ደህና ነው። አሁን ሐኪሙ «ኤህለርስ-ዳንሎስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል» ብሎ ወደ ስፔሻሊስት ልኮናል፣ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው። እስከዚያ ምን ላድርግ? የሚቀባ ነገር አለው?

ላስቲኩ፦
እህቴ፣ የእኔን ልጅነት የጻፍሽ መሰለኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ ክላሲካል የሚባለው የኤህለርስ-ዳንሎስ ዓይነት አለብኝ። «ላስቲኩ» የሚለውን ስም ያወጡልኝ አብሮ አደጎቼ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ እንደ ገመድ የተገመደ። የእኛ ገመድ ሲገመድ ጀምሮ ልል ነው። በክላሲካሉ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው አምስተኛውን ዓይነት ኮላጅን የሚሠራው ጂን ነው። ስለዚህ ቆዳው ይለጠጣል፣ ሲነካ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል፣ ሲመታ ግን አይችልም። ከሥሩ ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮችም ደጋፊ ስለሌላቸው ቶሎ ይበልዛል። ደሙ ራሱ ጤነኛ ነው፤ የደም መርጋት ምርመራው ደህና የሆነው ለዚህ ነው።

የሚያድን ቅባት የለም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። እኔን የጠቀመኝ እግር ኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ውስጥ የሚያደርጉት የአገዳ መከላከያ ነው። ከሱሪ ሥር ማንም አያየውም። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቆዳውን እየሳበ ለጓደኞቹ ትርኢት እንዳያሳይ። እኔ ጭብጨባ ስለምወድ ስስበው ነው ያደግኩት፣ አሁን ክርኔ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጤና በቤቱ፦
የኮላጅን ዱቄትና ቫይታሚን ሲ ስጪው። ለእኔ ፊት ተአምር ነው የሠራው።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ የሚበላ ኮላጅን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ እንደማንኛውም ፕሮቲን ነው የሚሆነው። ልጁ የጎደለው ጥሬ ዕቃ አይደለም፤ የተሳሳተው የአሠራር መመሪያው ነው። ዱቄቱ መመሪያውን አያርምም።

የቢኒ እናት፣ ቁስል ላይ የሥራዬን ልንገርሽ። የተከፈተ ቁስል ይዛችሁ ስትሄዱ ገና በክር ሳይሰፋ «ኤህለርስ-ዳንሎስ ተጠርጥሮበታል» በይ። እንዲህ ያለ ቆዳ ሳይወጠር፣ ከውስጥም ከላይም በሁለት ድርብ ነው የሚሰፋው። ክሩም ከተለመደው እጥፍ ያህል ጊዜ ይቆያል፣ በላዩ ላይ ማጠናከሪያ ፕላስተር ይደረግበታል። ማደንዘዣ መርፌው በደንብ ላይዘው ይችላል፤ «ያመኛል» ካለ እመኑት። ፕላስተር ስታነሺ አትንጪው። በውኃ አርሰሽ፣ ቆዳውን በጣትሽ ደግፈሽ ቀስ በቀስ አንሺው። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መበለዙን ያባብሳሉ፤ ለሕመም ምን እንደምትሰጪው ሐኪሙን ጠይቂ። ለአስተማሪዋም ሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ይጻፍልሽ። እንዲህ መጠርጠር በየቦታው የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ላስቲኩ፦
የክሩ ነገር እውነት ነው! 12 ዓመቴ ላይ ጉልበቴ ተሰፍቶ በሳምንቱ ክሩ ወጣ። በዚያው ቀን ደረጃ ስወርድ ተከፈተ። ጠባሳው አሁን ሦስት ጣት ይሰፋል።

ረጅሙ፦
እኛ ቤት ያለው ማርፋን የሚባለው በሽታ ነው፤ ዘመዱ ነው፣ ግን ሌላ ነው። የተጎዳው ፋይብሪሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቆዳዬ አይቀደድም፣ ብታዪው ጤነኛ ነው። ያለኝ ሸንተረር ብቻ ነው፤ ትከሻዬና ወገቤ ላይ፣ ያውም ሳልወፍር። «ጂም አብዝተህ ነው» ተባልኩ። ጂም ረግጬ አላውቅም። በኋላ በልብ አልትራሳውንድ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሰፍቶ ተገኘ። ቆዳው ምልክት ነው፤ ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ልብና ዐይን ይታይለት ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ነርሷ፦
ረጅሙ ልክ ነው። ኤህለርስ-ዳንሎስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ምደባ 13 ዓይነት አለው፣ ስለዚህ «የትኛው ነው?» ብለሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። አስጊው የደም ሥሩ ዓይነት ነው። እሱ ላይ ቆዳው አይለጠጥም። ስስ ሆኖ ደረት ላይ ደም ሥሮቹ ወለል ብለው ይታያሉ፣ ትልልቅ የደም ሥሮችም ሊፈነዱ ይችላሉ። አንቺ የጻፍሽው እሱን አይመስልም፤ ቢሆንም በቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ተስቦ የማይመለስና የሚንጠለጠል ቆዳ ደግሞ ኩቲስ ላክሳ የተባለ ሌላ ችግር ነው። የቢኒ ስለሚመለስ እሱን ተዪው።

አንድ ጥያቄ፦ አንቺ ወይ አባቱ እንዲህ ዓይነት ቆዳ አላችሁ? ክላሲካሉ ከአንድ ወላጅ ይተላለፋል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በቤተሰብ ማንም ሳይኖርበት አዲስ የሚጀምርበት ልጅም ብዙ ነው።

የቢኒ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የአገዳ መከላከያውን ገዛሁ፣ ዛሬ አድርጎት ሄደ።

ለጥያቄሽ፦ እኔ የለብኝም። ትናንት ማታ ባለቤቴን ሱሪህን ጠቅልል አልኩት። ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ያ የሲጋራ ወረቀት አለ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «የልጅነት ኳስ ነው» ሲለኝ ኖሯል። የክንዱን ቆዳ ሳብኩት፣ መጣ። ዝም ብለን ተያየን። ቀጠሮው ላይ አብሮ ይታያል።

ላስቲኩ፦
ለእሱም መከላከያ ግዢለት 😄